ልጄን ያጠቡልኝ እጆች

ጊዜው በፈረንጆች 2013 ነው። የሳዑዲ መንግሥት የሰጠው የምሕረት ጊዜ አልቆ፣ መኖሪያ ፈቃድ በሌላቸው ሰዎች ላይ አሰሳ የተጀመረበት ሰሞን። እኔና ባለቤቴ ከማል ጅዳ፣ ጃሚዓ ሰፈር እንኖር ነበር። እኔ የአንድ የግል ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ፤ እሱ የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ነው። መኖሪያ ፈቃዳችን፣ ኢቃማችን የታደሰ፣ ኑሯችን የተደላደለ ስለነበር ያ ሁሉ ሽብር እኛን አይነካንም ብለን ተቀምጠናል። እውነቱን ልንገራችሁና በዚያ ጊዜ ምንም ነገር አይነካንም ነበር። የሚነካንማ ከዓመት ከአራት ወር በፊት ነክቶን አልፏል። አንድያ ልጃችን ኢክራም፣ በአምስት ዓመቷ፣ ትኩሳት ይዟት በሦስተኛው ቀን ሞተችብን።

ከዚያ ወዲህ በቤታችን ስሟ ተጠርቶ አያውቅም። ማንም አልከለከለንም፤ እንዲሁ ሳንነጋገር ተስማማን። ክፍሏን ዘጋሁት። ከሥራ ስመጣ ቴሌቪዥን እከፍታለሁ፣ ከማል ሲመጣ ድምፁን ይጨምራል። ሰውም ተጠነቀቀልን። የሥራ ባልደረቦቼ ስለ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት እያወሩ ቆይተው እኔ ስገባ ስለ አየሩ ይጀምራሉ። የጅዳ አየር ዓመቱን ሙሉ ያው ሙቀት ነው፤ የሚወራለት ነገር እንደሌለው እነሱም እኔም እናውቃለን።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት እትዬ ዘምዘም ቆማለች። ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ለሚኖሩ ቤተሰብ ምግብ የምታበስል የወሎ ሴት ናት፤ ዕድሜዋ ሃምሳን ያለፈ፣ ሰፊ ትከሻ ያላት፣ ደረጃ ላይ ስንገናኝ አንቱ ብላት ተቆጥታ አንቺ ያስባለችኝ። ከጎኗ አንድ በገመድ የታሰረ ሻንጣ ቆሟል። ሻንጣ ከምለው አልጋ ብለው ይቀለኛል።

«ቤት ለእንግዳ በይኝ እንጂ» አለችኝና እኔ ሳልላት ገባች።

ነገሩን ሶፋው ላይ ተቀምጣ አጫወተችኝ። የምትሠራላት ማዳም ፈርታ አስወጥታታለች። «አልፈርድባትም» አለች። «ኢቃማ የሌለው ሰው ቤቱ የተገኘበት ይቀጣል ሲባል በቴሌቪዥን ሰምታ ነው። ወላሂ የሠራሁትን ከብሳ እንኳ ሳትቀምስ ነው ያስወጣችኝ። ምግቤን ሳትበላ ስትቀር የመጀመሪያዋ ነው፤ አንጀቴን በላችኝ።»

«አሁን የት ልትሄጂ ነው?»

«እጄን ልሰጥ ነዋ። ሹመይሲ፣ ወደ አገር የሚመልሱበት ማቆያ። ልጄ ሙና በሚመጣው ወር ከሚሴ ላይ ትዳራለች፤ እኔ እዚህ ተደብቄ ምን ልሠራ። ችግሩ ፓስፖርቴ መካ ነው። በዑምራ ስመጣ ያረፍኩባቸው ሴት ጋ አስቀምጬዋለሁ። ያለ ፓስፖርት ከገባሁ ሊሴፓሴ የሚሉት የጉዞ ወረቀት እስኪሠራልኝ ስንት ቀን እንደምቀመጥ አላህ ይወቀው። ሙሽራዋ ልብሷን ትጠብቃለች፣ ልብሷ ደግሞ እዚህ ውስጥ ነው» ብላ ሻንጣውን በእግሯ ነካ አደረገችው።

ከማል ሲመጣ ወጥ ቤት ጠራኝ። ከማል ሕግ የሚባል ነገር የሚወድ ሰው ነው፤ ባዶ መንገድ ላይ እንኳ ቀይ መብራት ሲበራ የሚቆም።

«ቢያገኟት ኢቃማችን ይሰረዛል» አለኝ በሹክሹክታ።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን እናድርግ?»

«ሻንጣዋን አይተኸዋል? እሱን ተሸክመህ ደረጃውን የምትወርድ ከሆነ አስወጣት።»

ወደ ሳሎኑ አንገቱን አውጥቶ አየ። «እሺ፣ ሁለት ቀን ትደር» አለ። ለብዙ ወራት እንደዚያ ያለ ረጅም ወሬ አውርተን አናውቅም ነበር።

በማግስቱ ከማል ለጁምዓ ሰላት ሄደ። እኔ ምሳ አቀርባለሁ፤ እትዬ ዘምዘም ሻንጣዋን መተላለፊያው ላይ እየጎተተች ማስቀመጫ ትፈልጋለች። በር ሲከፈት ሰማሁ። የትኛው በር እንደሆነ በድምፁ አወቅኩት። ስደርስ ክፍሉ መሃል ቆማለች። ትንሿ አልጋ፣ የተሰቀሉት ቀሚሶች፣ ግድግዳው ላይ የተሞነጫጨረው ሁሉ እንደነበረ ነው።

«የማን ክፍል ነው?» አለችኝ።

«የልጄ ነበር።»

«የት ሄደች?»

«ሞተች።»

ያቺን ቃል በሰው ፊት ስናገራት የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን አውቀዋለሁ፤ አላህ ይተካሽ ይባላል፣ የአላህ ሥራ ነው ይባላል፣ ከንፈር ይመጠጣል። እትዬ ዘምዘም ግን ሄዳ ትንሿ አልጋ ላይ ተቀመጠች። አልጋዋ ጮኸች።

«ስሟ ማነው?»

«ኢክራም» አልኩ።

«ምን ዓይነት ልጅ ነበረች?»

«ቆንጆ ነበረች።»

«እሱንማ እናት ሁሉ ይላል። ጠባይዋን ነው የጠየቅኩሽ። ጨዋ ነበረች ወይስ በጥባጭ?»

ምን እንደምመልስ ሳላስብ «በጥባጭ» የሚል ቃል ከአፌ ወጣ። ደነገጥኩ። የሞተ ልጅ እንዲህ አይባልም። እሷ ግን ፊቷ በራ፤ «እህ፣ በይ ንገሪኛ» ብላ ለእኔ ቦታ ለቀቀችልኝ።

ነገርኳት። አባቷ ከሥራ መጥቶ ጫማው ውስጥ እግሩ እንደተቀቀለ ሲያማርር ሰምታ፣ ጫማዎቹን በሙሉ ፍሪጅ ውስጥ ከሰላጣው ጋር እንደደረደረቻቸው። በማግስቱ ጠዋት ጫማ ስንፈልግ ከማል ከሥራ እንደቀረ።

እትዬ ዘምዘም ጉልበቷን እየመታች ሳቀች። «ጫማ ካነሳሽልኝ ዘንድ የኔን ሁሴንም ስሚው» አለች። «ስድስት ዓመቱ ነበር። የጁምዓ ዕለት ሰዉ ሰላት ላይ እያለ መስጊዱ በር ላይ ያለውን ጫማ ሁሉ ግራውን ከግራ፣ ቀኙን ከቀኝ አጣምሮ አስቀመጠው። የመንደሩ ወንድ በሙሉ እየተሳደበ በሁለት ግራ እግር ወደ ቤቱ ገባ። ሸሁ ራሳቸው አንዱን ጫማ በእጃቸው ይዘው ነው የሄዱት።»

«አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል?»

«የለም፣ እሱም ሞቷል። በዚያው ዓመት ወባ ገደለብኝ።»

ሳቁ ገና ከፊቷ አልጠፋም ነበር። እንዴት እንደምትችል ጠየቅኳት።

«መጀመሪያ አልቻልኩም» አለች። «ዓመታት ያቺን የሞተባትን ቀን ይዤ ነው የተቀመጥኩት። ኋላ አማቴ "ልጁ እኮ ስድስት ዓመት ኖሯል፤ አንቺ የያዝሽው አንዷን ቀን ነው፤ ሌላውን ለማን ተውሽው?" አሉኝ። ተናደድኩባቸው፤ ሳምንት አላናገርኳቸውም። ግን እውነታቸውን ነበር።»

ምሳው ቀዘቀዘ። እኛ ወሬያችንን ቀጠልን። በመሃል እትዬ ዘምዘም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ማን አጠባት?» ብላ ጠየቀችኝ።

ይህ ነገር ለከማል እንኳ ነግሬው የማላውቀው ነው። የልጃችን ጀናዛ በታላቁ መስጊድ በሐረም እንዲሰገድበት ብለን መካ ነበር የወሰድናት። ሴት ልጅን አጥቦ መሸኘት የእናት ወግ ነው። እኔ ግን ማጠቢያው በር ላይ የቆመው መኪና ውስጥ ቀረሁ። አንዲት ሴት ወጥተው «እናትየው ትገባለች?» ብለው ሲጠይቁ ሰምቻለሁ። የመኪናውን በር መክፈት አቃተኝ። በሩ አልተቆለፈም፣ እጄም መያዣው ላይ ነበር። ልጄን ለማላውቀው ሰው እጅ ሰጥቼ ቁጭ አልኩ። እንዴት ያዟት ይሆን፣ አንገቷን ደገፉት ይሆን፣ ዓይኗ ውስጥ ሳሙና ገብቶ ይሆን እያልኩ ዓመት ከአራት ወር ሳሰላስል ኖርኩ።

ይህንን ሁሉ ስነግራት እትዬ ዘምዘም እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ያጠቧት ሐበሻ ናቸው?» አለች።

«ከማል የመካ ሐበሻ ናቸው ብሎኛል። አሮጊት፣ አንድ ዓይናቸው ደከም ያለ።»

«ታዲያ ኡሙ ሳሊህ ናቸዋ» አለች፣ የጎረቤት ስም እንደምትጠራ ሁሉ። «ፓስፖርቴን የያዙልኝ እኮ እሳቸው ናቸው።»

ከማል ከመስጊድ ሲመለስ ሁለታችንንም እዚያ ክፍል ውስጥ አገኘን። በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። መካ መሄድ እንደምንፈልግ ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። «የሹመይሲ ኬላ አለ። እሷን ጭነን እንዴት እናልፋለን? ተይ።»

«ከማል» አልኩት፣ «ኢክራምን ያጠቧት ሴትዮ ጋ ነው የምንሄደው።»

ስሟን ከአፌ ሲሰማ ግድግዳውን ተደገፈ። ከዚያ «ነገ ጠዋት እንውጣ፤ መንገዱ ሳይጨናነቅ» አለ። ቀጥሎም ወደ እትዬ ዘምዘም ዞሮ «ከጠየቁን ግን እኔ አልዋሽም» አላት።

«ማን ዋሽ አለህ» አለችው።

ቅዳሜ ጠዋት ኬላው ጋ ስንደርስ የመኪናው ሰልፍ ረጅም ነበር። ከማል መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ይዟል። እኔ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ አደርጋለሁ። እትዬ ዘምዘም ከኋላ ወንበር ሳምቡሳ ትበላለች። ወጣት ፖሊስ መጥቶ ኢቃማ አለ። ከማል የእኔንና የእሱን ሰጠው።

«የሴትዮዋስ?»

ከማል ወደ ኋላ ዞሮ አያት። ያን ጊዜ የኋላው መስኮት ወረደ። እትዬ ዘምዘም በዚያ በማይደናቀፍ ዓረብኛዋ «ልጄ፣ እኔ ኢቃማ የለኝም» አለችው። «እጄን ልሰጥ እናንተው ጋ ሹመይሲ ነው የምሄደው። ፓስፖርቴ ግን መካ ነው ያለው። ያለ ፓስፖርት ብመጣ ወር ሙሉ ትቀልቡኛላችሁ፤ እኔ ደግሞ ብዙ እበላለሁ። ይዤ ብመጣ ቶሎ ትገላገሉኛላችሁ። የቱ ይሻላችኋል?»

ፖሊሱ አያት፣ ሳምቡሳውንም አየ፣ ሄደና አለቃውን ይዞ ተመለሰ። አለቃው ሽበት ያለው ሰው ነበር። ጎንበስ ብሎ ሁላችንንም በየተራ ተመለከተ።

«ሰው ሁሉ ከሹመይሲ ይሸሻል» አላት፣ «አንቺ ልግባ ትያለሽ?»

«ልጄ ልታገባ ነው። ሠርግ አለብኝ።»

አለቃው ከት ብሎ ባይስቅም ጢሙ ሥር ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ኢቃማችንን ለከማል መለሰለትና «ታርጋህን ጽፌዋለሁ» አለው። «ከቀትር በኋላ ካለው የዐስር ሰላት በፊት እዚህ ትመልሳታለህ። ካልመለስክ የምፈልገው አንተን ነው።» ከዚያም እጁን ወደ መንገዱ ዘረጋ፤ «ያላ» አለን።

ኬላው ከኋላችን ሲጠፋ ከማል «ሳምቡሳ ተርፏል?» አለ።

የኡሙ ሳሊህ ቤት ከተራራው ወገብ ላይ ነው፤ መኪና አይደርስበትም፣ ደረጃ ቆጥረን ወጣን። አባታቸው ከወሎ በእግር የመጡ ሰው ናቸው፤ እሳቸው ግን መካ ተወልደው እዚያው አርጅተዋል። አማርኛቸው ዓረብኛ የገባበት ቢሆንም ጥርት ያለ፣ የድሮ ሰው አማርኛ ነው። ልጃቸው ሳሊህ ከማልን ወደ ወንዶች ክፍል ወሰደው። ኡሙ ሳሊህ ከብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ የእትዬ ዘምዘምን ፓስፖርት አውጥተው ሰጧት። እሷም ተቀበለችና የመጣሁበትን ነገር እኔን ወክላ ነገረቻቸው።

አሮጊቷ ደህናውን ዓይናቸውን ወደ እኔ መለሱ። «አንዲት ልጅ ነበረች» አሉ ቀስ ብለው። «እጇ ላይ ሰዓት ያላት።»

ሌላ ልጅ መሰለችኝ። «ሰዓት እንኳን አልነበራትም» አልኩ።

«በእስክሪብቶ የተሣለ ነው እንጂ። እዚህ ጋ» ብለው የግራ እጃቸውን አንጓ ያዙ።

ኢክራም ሰዓት እጇ ላይ ትሥል ነበር። ጠዋት ጠዋት፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ። ስንት ሰዓት ነው ስትባል እጇን ትመለከትና ሁልጊዜ «ስድስት ሰዓት» ትላለች፤ ስድስት ሰዓት ምሳ ነው፣ ሌላ ሰዓት አታውቅም። ሆስፒታል ከተኛች በኋላም ከነርሷ እስክሪብቶ ተቀብላ ሥላ ነበር። እኔ ይህን ረስቼው ኖሬያለሁ።

«በሳሙና አሸሁት፣ አልለቅ አለኝ» አሉ ኡሙ ሳሊህ። «ኸላስ፣ ሕፃን ናት፣ የወደደችውን ይዛ ትሂድ ብዬ ተውኩት። ስንት ሰዓት እንደሚል ግን ማንበብ አልቻልኩም፤ ዓይኔ እንደምታይው ነው።»

«ስድስት ሰዓት ነው የሚለው» አልኳቸው።

«በምን አወቅሽ?»

«ሁልጊዜ ስድስት ነው። ምሳ ሰዓት።»

መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው። ቀጥሎ እትዬ ዘምዘም። እኔ እያለቀስኩ ነው የሳቅኩት፤ ሁለቱ አንድ ላይ መምጣት እንደሚችሉ ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር። ከዚያ ዓመት ከአራት ወር የያዝኩትን አወጣሁት። «እኔ እኮ መኪና ውስጥ ነበርኩ፤ መግባት አቃተኝ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ። ወጥቼ የጠየቅኩት እኔ ነኝ፤ በመስኮቱ አይቼሻለሁ» አሉኝ። «እናት ስትገባ እኔ ሁለት ሰው ነው የምይዘው። አንዷን አጥባለሁ፣ አንዷን ከመሬት አነሳለሁ። አንቺ ስላልገባሽ ልጅሽን ሳልቸኩል አጠብኳት። እኔ ሕፃን ሳጥብ ዝም አልልም፤ አሁን ቀኝሽን፣ አሁን ፀጉርሽን እያልኩ አጫውታቸዋለሁ። አንገቷን በዚህ እጄ ነበር የያዝኩት።» ግራ እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። «አባቷ በር ላይ ቆሞ ውኃው እንዳይቀዘቅዝባት እያለ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። በሦስተኛው፣ መጥተህ ጣትህን ንከርበት ልለው ነበር።»

ይህን ከማል ነግሮኝ አያውቅም። እኔ መኪና ውስጥ፣ እሱ በር ላይ፤ ሁለታችንም ስለ አንድ ልጅ ስንጨነቅ ውለን፣ ከዓመት በላይ ሳንነጋገርበት ቆየን። ኡሙ ሳሊህን እጃቸውን ሳምኳቸው። ሌላ ምን ማድረግ እችል ነበር?

የእትዬ ዘምዘም ስንብት አላልቅ አለ። ኡሙ ሳሊህን ታቅፋለች፣ ትወርዳለች፣ የረሳችውን ዱዓ ለማስደረግ ትመለሳለች። ከማል ታች መኪናው ጋ ሆኖ ሰዓቱን ያያል። በሕይወቱ ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ የነዳው ያን ቀን ብቻ ነው፤ እሱም እስረኛ ሊያስረክብ።

የዐስር ሰላት ከመድረሱ በፊት ሹመይሲ ኬላ ደርሰን ለአለቃው አሳየነውና ወደ ማቆያው አለፍን። በሩ ላይ ሻንጣቸው ላይ የተቀመጡ፣ ሕፃን ያዘሉ፣ በፀሐይ የደከሙ የአገራችን ሰዎች ተሰልፈዋል። የእሷን ሻንጣ ለማውረድ ሦስት ሰው ፈጀ። ከበድ ያለው በእኔ ምክንያትም ነው፤ ጠዋት ከመውጣታችን በፊት ከኢክራም ቀሚሶች ስድስቱን ለመንደሯ ልጆች ብዬ ሰጥቻት፣ የራሷን ሁለት አባያ አውጥታ ነበር ቦታ ያደረገችላቸው።

«አይዞሽ አልልሽም» አለችኝ ስንሰነባበት። «በጥባጭ ልጅ ያሳደገች ሴት ደፋር ናት።» ከማልን ደግሞ «መሪህን ቀለል አድርገህ ያዘው» አለችውና ሻንጣዋን እየጎተተች ሰልፉ ውስጥ ገባች። ወዲያው ከፊቷ ካለችው ሴት ጋር ወሬ ስትጀምር አየናት።

ፓስፖርት ይዛም አሥራ አንድ ቀን ቆይታለች። ወለል ላይ እንደተኛች፣ ውኃ እንደተቸገሩ በኋላ በስልክ ነገረችኝ። ሠርጉ ላይ ግን ደርሳለች። የኢክራምን ቢጫ ቀሚስ የለበሰች የእህቷ ልጅ የሙሽሮቹን ወንበር ይዛ አልነሳም ብላ አስቸግራለች ስትለኝ፣ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ ለከማልም አሰማሁት።

ያን ዕለት ከሹመይሲ ወደ ጅዳ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ስለ ኢክራም አወራን። እሱ የሚያውቀውን እኔ የማላውቀው፣ እኔ የማውቀውን እሱ የማያውቀው ስንት ነገር ነበር። ሐዘኑ አልጠፋም፤ ጠፋ ብላችሁ እዋሻችኋለሁ። ዛሬም በልደቷ ሰሞን አለቅሳለሁ። ነገር ግን ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ልጃችን በቤታችን ትነሳለች፣ ትወሳለች፣ ትወቀሳለች።

እናንተም ልጅ የሞተባት ጎረቤት ወይም ባልደረባ ብትኖራችሁ፣ እንዴት ሞተ ብላችሁ አትጠይቋት፤ እሱን ለራሷ ሺህ ጊዜ ተናግራዋለች። ምን ዓይነት ልጅ ነበር በሏት። ታለቅስ ይሆናል። ተቀመጡና ጠብቋት፤ ቀጥሎ የምታመጣው ወሬ አለ።

እኔን ብትጠይቁኝ ለምሳሌ፣ ኢክራም የሕንጻችንን ዘበኛ አባቴ አብራሪ ነው፣ አርብ ወደ አገርህ ያደርስሃል ብላው፣ ሰውየውን አርብ ጠዋት ፀጉሩን ተቆርጦ፣ ሽቶ ተቀብቶ፣ ለእናቱ የገዛውን ብርድ ልብስ ታቅፎ በራችን ላይ ቆሞ አገኘነው። ከማል ይቅርታ ሲጠይቀው እሷ ከኋላው ብቅ ብላ «ዛሬ ነፋስ ስላለ ነው፤ ለሚመጣው አርብ ተዘጋጅ» አለችው። ኢክራም እንዲህ ያለች ልጅ ናት።